ለስውሮቹ የተያዘ ወንበር

በአይስላንድ ዳርቻ ባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ለቀልድ የተቋቋመው ፓርቲ ምርጫውን ጠቅልሎ ወሰደ። ከድሮዎቹ ሹሞች የሚለየው ቀልደኛነቱን አለመደበቁ ነበር። መሪው ቶርጊልስ የገባው ቃል አንድ ነው፤ በጥቁሩ ቋጥኝ ውስጥ ይኖራሉ ለሚባሉት ስውር ሰዎች በምክር ቤቱ ወንበር መስጠት።

በምክር ቤቱ መክፈቻ ዕለት የአዳራሹን በር ወለል አድርጎ ከፈተና አረጋውያን በዘመን መለወጫ ዋዜማ ለስውሮቹ የሚሉትን አለ፤ "መምጣት የፈለገ ይምጣ።"

"ጨርሰው እንጂ፣" አሉ ስቴይኑን የሚባሉት አክስቱ ከታዳሚው መሃል። "'መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ እኔንና የእኔን ሳይነካ' ነው የሚባለው።"

"እሱን ለሚቀጥለው ምርጫ አቆይቼዋለሁ፣ አክስቴ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ሰው መሳቁን አላቆመም። ቶርጊልስ የታዳሚውን ፊት ሁሉ ቃኘ፤ አፉን ያልዘጋ አልነበረም። ለስውሮቹ የተያዘው ባዶ ወንበር ትራስ ቀስ እያለ ሰረጎደ።

"መሄድ የፈለገ ይሂድ፣" አለ ቶርጊልስ ወደ ወንበሩ ዞሮ። "እኔንና የእኔን ሳይነካ።"

ትራሱ እንደሰረጎደ ቀረ።

"አሁንማ ምን ዋጋ አለው፣" አሉ አክስቱ ካፖርታቸውን እየደረቡ። "የሚሸኘው እንግዳ ነው። እነሱን መርጠናቸዋል።"