ለመርዳሳ የተሰፋው አውሬ

እና ደግሞ ጥርሱ፣ ጥርሱን ምን ላድርገው ትላለች እልፍነሽ ለራሷ፣ ቅል ሰንጥቃ ከሣር በሰፋችው የአውሬ ራስ አፍ ውስጥ ደርድራለታለች፣ አሁን ግን ራቅ አድርጋ ስታየው አውሬው የሚስቅ ይመስላል፣ ወይ ጉዴ፣ ሰው ሊበላ የመጣ አውሬ እንዲህ ፍልቅልቅ ይላል እንዴ፣ የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ አቶ አስፋው ያዘዛት ሌላ ነው፣ የአዋሽን ውኃ ይዞ አላስቀዳ ያለ አውሬ ነው፣ የአዳማ ሰው ሲያየው ቴያትሩ ከሚታይበት ከጣቢያው መጋዘን ሮጦ ይውጣ፣ ቴያትር ማለት ይኸ ነው፣ ስፌት ትሰፊ የለ፣ አውሬም ስፊ አላት። አቤት አነጋገር፣ ስፌትና አውሬ አንድ ሆነና።

እጇ የለመደው ሌላ ነው፣ ሣሩን ታረጥባለች፣ በወስፌ ትወጋለች፣ ታጠብቃለች፣ ዙር በዙር፣ ጉንጩ ጋ ስትደርስ አሁንስ ክፉ አደርገዋለሁ ትልና ቀይ አለላ ጣል ታደርጋለች፣ አጠገቡ ጥቁር፣ ሲያምርላት ጊዜ ሌላ ቀይ፣ ይኸው የሙሽራ መሶብ መስሎ ቁጭ። የላምባ ቆርቆሮ ቆርጣ ዐይን አበጀችለት፣ ከሞጆ የመጣ የፍየል ቆዳ ከነጠጉሩ ደረበችበት፣ አሁንም ደግ ነው። ደግ ቢሆንስ፣ የሚገባበት መርዳሳ አይደል።

መርዳሳ። ባሏ። እዚያ ጥግ ተቀምጦ ሣር ይሰነጥቅላታል፣ በዚህ ሙቀት ኩታውን እስከ ዐይኑ ተከናንቦ። ፈንጣጣው ከለቀቀው ወዲህ እንዲሁ ነው፣ ከሷ እንኳ ይሸሸጋል፣ ሲበላ ወደ ግድግዳ ይዞራል፣ ያ ባቡር ሲመጣ ከማንም ቀድሞ ጆንያ የሚሸከመው፣ ያ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀለደ ጣቢያውን የሚያስቀው ሰውዬ፣ ደጅ ላይ ሰው በተጣራ ቁጥር ጓዳ ይገባል። ናፈቃት። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩም ይናፈቃል፣ እንዴት አይናፈቅ።

አውሬውን ማን ይሁን ሲባል መርዳሳ ይሁን፣ ድምፁ ትልቅ ነው ያለችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ግን ትፈራለች፣ ፊቴን አይተሽ ነው ወይ ለአውሬ ያጨሽኝ ቢለኝስ፣ እኔ እኮ ያሰብኩት የአውሬው ራስ ውስጥ ገብቶ ሰው መሀል እንዲቆም ነው፣ እንዲጮኽ፣ ሰው እንዲያጨበጭብለት፣ አንዴ ከወጣ ነገም ይወጣል፣ ካልወጣ ግን፣ ካልወጣማ እዚያው ጥግ ማርጀቱ ነው። ስትነግረው እሺ አለ። እሺ ብቻ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት ማን ያውቃል።

በል እስቲ አጥልቀው ትለዋለች፣ ፊቷን አዙራ ትጠብቀዋለች፣ ኩታውን ሲፈታ፣ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ትሰማለች፣ ትዞራለች፣ መርዳሳ ወደሷ፣ አውሬው ወደ ጓዳ። በየት በኩል ነው የማየው ይላል ከውስጥ፣ በአፉ ነው፣ አፉ እኮ ጆሮዬ ጋ ነው እልፌ፣ ሳቅ ያመልጣታል፣ እሱም ከውስጥ ይስቃል፣ ሳቁ ከነበረበት መጣ፣ ተመስገን፣ ከዚያ ግን የአውሬው ራስ ይንሸራተትና የመርዳሳ ትከሻ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሳቋ ይቆማል። ሰፋ። አይ እልፍነሽ። በክር ስትለካው ከነኩታው ነው የለካችው፣ ፍታው ማለት ጨንቋት፣ ያን ሁሉ እጥፍ ጨርቅ ራስ ብላ ለካች፣ ሰፊ ነኝ ትላለች ደግሞ።

ፊቷን ታዞርለታለች፣ ኩታውን መልሶ ተከናንቦ በላዩ ይደርበዋል፣ ይታፈናል፣ ያስለዋል፣ አውጭኝ ይላል፣ ታወጣዋለች። ቴያትሩ ነገ ነው፣ ተፈትቶ አይሰፋ፣ አቶ አስፋው ከሰማ ራሰ ትልቅ ሰው አያጣም፣ ሌላ ያስገባል፣ መርዳሳ ወደ ጥጉ ይመለሳል፣ ያውም እኔ በሠራሁት ጥፋት። ውስጡን ወፍራም ጨርቅ ቢለብስ ይይዝለት ነበር፣ ቀሚሴን ልቅደደው ትላለች፣ ተይ ይላል፣ አውሬውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጉንጩን ይዳብሳል። አበባ አደረግሽበት። ላንተ ስሰፋ እጄ ክፉ መሥራት እምቢ አለኝ ትላለች፣ ሳታስበው፣ ኩታውን ከራሱ ላይ ይፈታል፣ አንድ ዙር፣ ሌላም ዙር፣ ይሰጣታል። ይኸን ስፊበት።

ኩታህ እኮ ነው። ይሁን። ከቴያትሩ ስትመለስስ፣ በምን ትከናነባለህ። በምንም።

ታየዋለች። ጉንጩ ተቦርቡሯል፣ አፍንጫውም፣ የግራ ቅንድቡ ሳስቷል፣ አፉ ግን ያው አፉ ነው፣ ዐይኖቹ ያው ናቸው፣ ምን ያህል ማየት እንደሚፈቀድላት አታውቅም፣ መርፌውን ታነሣለች፣ ክሩ አልገባ ይላታል፣ ዐይኗ እንባ ሞልቶ እንዴት ይግባላት፣ የኔ ጌታ፣ የኔ ጌታ ትላለች በሆዷ።

ቤቶች፣ አውሬው ደረሰ ወይ። አቶ አስፋው ነው፣ ከደጅ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፋ ታደርጋለች፣ ልታለብሰው፣ እጇን ይይዛታል፣ ጓዳ መግባቱም አልታሰበውም፣ ወደ በሩ ቀና ይላል።

ይግቡ አቶ አስፋው ይላል፣ በዚያ በጣቢያው ድምፁ፣ አውሬው አልደረሰም፣ እኔ አለሁ።