አንባቢ አይቋረጥም

«ምን ብላሽ ነበር?» ሲል መምህሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቃት።

ልጇ የእናቷን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ጎትታ አንድ ነገር ተናግራለች፤ ይህን እናትየው ታስታውሳለች። ምን እንዳለች ግን አልሰማችም። ያን ጊዜ ጣቷ ከጥንቱ ግንብ ፊት በተተከለው ሰሌዳ ላይ «የተገነባው» ከሚለው ቃል ሥር ነበር። ቀና ሳትል «ቆይ» ብላ በግራ እጇ የልጅቷን እጅ ገፋ አደረገችው። አንብባ ስትጨርስ ሁሉም አጨበጨቡላት። ፈገግ እያለች ዞር ስትል ልጅቷ የለችም።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እዚሁ አጠገቤ ነበረች» አለች። «እዚህ ጋ! ይኸው እዚህ ጋ ነበር የቆመችው!»

የጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ክፍል ተማሪዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሐይቁን ለመዞር የወጡት በዕረፍት ቀናቸው ነው። መንገዱ ሜዳማ ነው፤ ልጅ ያዘለች እናት እንኳ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትጨርሰዋለች። ዳር ዳሩን የጥንት ሰዎች የሠሯቸው ነገሮች አሉ፤ የመጠበቂያ ግንብ፣ የድንጋይ ድልድይ፣ ግማሹ የተናደ መጋዘን። በእያንዳንዱ ፊት ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ ተተክሏል። መምህሩ ሰሌዳዎቹን ለተማሪዎቹ አከፋፍሎ ነበር። ለእሷ የደረሳት ግንቡ ነው።

ክፍሉ አንድ ደንብ አለው፤ አንባቢ አይቋረጥም። ቃል ቢስት፣ ቢንተባተብ፣ ላቡ ቢንጠፈጠፍ እስኪጨርስ ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም። ይህን ደንብ ከሁሉም በላይ የምትወደው እሷ ነበረች። በምትሠራበት ክሊኒክ ከጠዋት እስከ ማታ አንሶላ ስታጥብ ሁሉም «ቶሎ በይ» ይላታል። በክፍል ውስጥ ግን አንድ ቃል ለማንበብ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅባት ሃያ ሰው ይጠብቃታል። እንዲህ ተከብራ አታውቅም።

አሁን ያ ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፍቶ ውሃው ብቻ ይታያት ጀመር።

ሐይቁ ፀጥ ብሏል። ጠዋት ሲመጡ ይህ ዝምታ ደስ ብሏት «እንዲህ ያለ ቦታም አለ ለካ» ብላ ነበር። አሁን ዝምታው ራሱ አስፈራት። ውሃ ልጅ ሲወስድ ድምፅ አያሰማም።

መምህሩ ተማሪዎቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በቀኝ፣ ግማሹን በግራ አሰማራ። «ፌንጣ! ፌንጣ!» እያሉ ሄዱ። ልጅቷ ከመራመድ ይልቅ መዝለል ስለሚቀናት ከወጣላት ስሟ ይልቅ በዚህ ነው የምትታወቀው። ሣሩ ላይ ተዘርግተው የተቀመጡ ሌሎች ጎብኚዎች ጥሪውን ሰምተው ሳቁ።

«ይህን ያህል ሰው ለአንድ ፌንጣ?» አለ አንደኛው።

እሷ ጫማዋን ሳታወልቅ ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ውሃውን ትገልጠው ጀመር፤ አንሶላ የምትገልጥ ይመስል።

«እትዬ፣ ይውጡ! እዚያ ጋ ጭቃው ይይዛል!» የሐይቁ ጠባቂ እየሮጠ መጣ። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት።»

«ምን ለብሳለች?»

«ቢጫ ሹራብ። ግራጫ ሱሪ።»

«ዋና ትችላለች?»

እንደገና ወደ ውሃው ጎነበሰች። ጠባቂውም ጥያቄውን አልደገመውም።

ከውሃው ስትወጣ ጫማ ሰፊውን አየችው። በክፍል ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጥ፣ ጢሙ የሸበተ ቀልደኛ ሰው ነው። ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ «እኔን ከሰሌዳ አስታርቁኝ እንጂ ከሰው ጋር ጠብ የለኝም» እያለ ሲያስቃቸው ነበር። አሁን በቀኝም በግራም አልሄደም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ተከሳሽ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?»

«አይቻታለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ስትሄድ አይቻታለሁ። በዚያ በጠባቧ መንገድ ወደ ታች ስትወርድ። አንቺ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርሽ። ልጠራሽ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ደንቡ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ደግሞ… ፈራሁ። ምን ብዬ ልናገር?»

«የስድስት ዓመት ልጅ ወደ ውሃ ስትወርድ እያየህ?» ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «አንተ ሰው! ደንብ ነው ያሰብከው?»

«አሁን ትመለሳለች ብዬ ነዋ። አንድ ፊደል ሳትስቺ ነበር የምታነቢው፣ እህቴ። እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው።»

ልትመታው እጇን አነሳች። ግን እሱ ቢጠራትም «ቆይ» ትለው እንደነበር ልቧ ያውቀዋል። እጇን መልሳ በጠባቧ መንገድ ቁልቁል ሮጠች። ጫማ ሰፊውና ጠባቂው ተከተሏት።

መንገዷ የምታልቀው የተናደው መጋዘን በር ላይ ነው። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ ቀይ ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ጣቷን ሳትዘረጋ፣ ድምፅ ሳታወጣ አነበበችው፤ አደጋ፤ ግድግዳው ሊፈርስ ስለሚችል መግባት ክልክል ነው። አምና ቢሆን ቀይ ቀለም አይታ ታልፍ ነበር። አሁን ግን ቃሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘልቆ ገባባት። ማንበብ እንዲህ እንደሚያስፈራ ማንም አልነገራትም።

«ፌንጣዬ!»

ከውስጥ የታፈነ ለቅሶ ተሰማ።

«አይግቡ!» አለ ጠባቂው። «የነፍስ አድን ባለሙያ እንጥራ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ከከተማ ነው የሚመጣው። ቢፈጥን… ሁለት ሰዓት።»

ገመዱን በእግሯ ተሻገረችው።

ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። ጣሪያው ዝቅ ስላለ በጉልበቷና በእጇ ዳኸች። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ቢጫው ሹራብ ታያት። ልጅቷ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ አንድ እንጨት በሁለት እጇ አቅፋለች። እናቷ እንጨቱን ወደ ላይ በዓይኗ ተከተለችው። ጣሪያውን የደገፈው ምሰሶ ነው፤ ሌላ ድጋፍ የለም።

«ነይ፣ የእኔ እመቤት። ነይ ወደ እማዬ።»

«አልመጣም!»

ልትይዛት እጇን ስትሰድ ልጅቷ ምሰሶውን ጥብቅ አድርጋ ወደ ራሷ ጎተተችው። እንጨቱ ሲጥ አለ። ከላይ አፈር ፀጉራቸው ላይ ፈሰሰ። እናትየው እጇን ቀስ ብላ መለሰች። ትንፋሿን እንኳ ለማውጣት ፈራች።

በዚህ መሐል ውጭ ጫጫታ ሆነ። ተማሪዎቹ ልጅቷ መገኘቷን ሰምተው ተሰብስበዋል።

«ፌንጣ! ነይ ውጪ፣ አይዞሽ!»

«ጎበዝ! ጎበዝ!»

ማጨብጨብ ጀመሩ። በክፍል ውስጥ ቃል የከበደውን ሰው እንደሚያበረታቱት ነው፤ ከልባቸው ነው። ጭብጨባው ባየለ ቁጥር ግን ልጅቷ ምሰሶውን ይበልጥ ታቅፋለች፤ አፈሩም ይፈስሳል።

«ለምንድነው የማትመጪው?» ስትል እናቷ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ሰዎቹ አሉ።»

«ሰዎቹ ምን ያደርጉሻል?»

«ሽንቴ መጣ አልኩሽ። ቆይ አልሽኝ። ቆየሁ፣ ቆየሁ፤ ከዚያ አልቻልኩም። ማንም እንዳያየኝ ብዬ እዚህ መጣሁ። ግን ሳልደርስ አመለጠኝ።» ፊቷን እንጨቱ ላይ ደፍታ፣ «የአንደኛ ክፍል ልጅ ነኝ እኮ» አለች።

እናቷ «ምንም አይደል፣ ማንም አያይሽም» ልትላት አፏን ከፍታ ተወችው። ውሸት ነው፤ ያዩዋታል። እሷም ስንት ዓመት በየቢሮው ወረቀት ሲሰጧት «መነጽሬን ረስቼ ነው» እያለች ኖራለች። መነጽር ኖሯት አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመደበቅ ሰው የት ድረስ እንደሚገባ ታውቃለች።

«ሰዎቹ ቢሄዱ ምሰሶውን ትለቂዋለሽ?»

ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

እናትየው ድምፅዋን ወደ በሩ አዞረች። «መምህር! ጭብጨባውን ያስቁሙልኝ! ሁላችሁም ሂዱ!»

«እንዴ! አንቺን ትተን?»

«እባክዎ! ምሰሶውን ይዛዋለች፤ ሰው ካለ አትለቅም። ወደ አውቶቡሱ ይውሰዷቸው!»

«ሾፌሩ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አንድ ደቂቃ አይጠብቅም። ዛሬ ሌላ መኪና የለም እኮ!»

«ይሂድ! ይሂድ ብያለሁ!»

ጭብጨባው ቆመ። መምህሩ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ «በሉ እንሂድ፣ ልጆቹን ያዙ» ሲል ተሰማ። ጠባቂው ስልኩ እዚያ ስለማይሠራ ከዋናው በር ባለሙያውን ሊጠራ እየሮጠ ወጣ። የሁሉም የእግር ኮቴ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እናትና ልጅ በጨለማው አዳመጡ።

«አንድ ሰው አለ» አለች ልጅቷ።

«እኔ ነኝ» አለ ጫማ ሰፊው ከውጭ። «ጀርባዬን ሰጥቻችኋለሁ። ሐይቁን ነው የማየው። ሂድ ካልሽኝም እሄዳለሁ።»

ልጅቷ አሰበች። «ትስቃለህ?»

«እኔ? መምህሩ መጀመሪያ ቀን ስሜን ጠርቶ አንብብ ሲለኝ ሱሪዬ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ለአንቺ ብቻ ተናገርኩ።»

«እውነትህን ነው?»

«ሚስቴን ጠይቂያት። ያጠበችው እሷ ናት።»

ልጅቷ መሳቅ አልሳቀችም። ግን አንድ እጇ ከምሰሶው ላላ። እናቷ አልነካቻትም። ሁለተኛው እጅ ሲላቀቅ ብቻ መዳፏን ዘረጋች፤ ትንሿ እጅ መጥታ መዳፏ ላይ አረፈች። እየዳኹ ወጡ። ከኋላቸው አንድ ድንጋይ ወድቆ ተንከባለለ፤ እናትየው ዞር ብላ አላየችም። ብርሃን ላይ ሲደርሱ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ከወዲያ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ።

«ገና አልሄደም» አለ ጫማ ሰፊው ፊቱን ሳያዞር። «ልጅቷን ልዘላት? ከሮጥን እንደርሳለን።»

እናትየው ልጇን አየቻት። ልጅቷ ሹራቧን በሁለት እጇ ወደ ታች እየጎተተች ወደ አውቶቡሱ አቅጣጫ ታያለች። ቀስ በቀስ ከእናቷ ጀርባ ተሸሸገች።

«አንሮጥም» አለች እናትየው። «እርስዎ ይሂዱ፣ ጋሼ። ቤትዎ ይጠብቁዎታል።»

«ዛሬ አንድ ጊዜ ጥያችሁ ዝም ብያለሁ» አለና ባርኔጣውን አጥልቆ፣ ጀርባውን እንደሰጠ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እናትየው የልጅቷን ሱሪ አወለቀች፤ ሻርፗን ወገቧ ላይ አገለደመችላት። ከዚያ ውሃው ዳር ተንበርክካ ሱሪውን ማጠብ ጀመረች።

አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ላይ መምህሩንና አሥራ ስምንት ተማሪዎችን ከነልጆቻቸው ይዞ ሄደ። እናትየው፣ ልጅቷና ጫማ ሰፊው ቀሩ።