በራሷ ስም

በ1977 ዓ.ም. ጥር ላይ ወሎ፣ መርሳ ከተማ የመጣው የእርዳታ ስንዴ የሚታደለው በአባወራ ስም ነበር። የሁሪያ ባል ሰይድ ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ከወረደ አራት ወሩ ነው፤ ወሬውም አልተሰማ። እሷ ሦስት ልጆቿን እየጎተተች ከግራና ከተማ በላይ ካለው መንደሯ በእግሯ መጥታ ሁለት ጊዜ ተሰለፈች፤ ሁለቴም ባዶ እጇን ተመለሰች።

በሦስተኛው የእደላውን ኃላፊ ወጣቱን ሀብቴን ፊት ለፊት ያዘችው።

«ባልሽ መጥቶ ይፈርም» አላት ቀና ሳይል።

«ባሌማ የለም። የተራቡት ግን ይኸው ቆመዋል።»

«መመሪያ ነው። ምን ላድርግሽ?»

ከሰልፉ ስትወጣ ከሲሪንቃ የመጣችውን ማሚቴን አገኘቻት። ማሚቴ ባሏ ሞቶባታል፤ ድርሻዋን የሚቀበለው የባሏ ወንድም ነው፤ ግማሹ እንኳ ቤቷ አይደርስም።

«እንደኛ ያለ ስንት ይሆን?» አለች ሁሪያ።

«እንጠይቃ!»

ሰልፉን ተከፋፍለው ዞሩ። ረፋዱ ላይ ሰማንያ ያህል ሴቶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መጋዘኑ በር ላይ ዘርፈጥ አሉ። ተሸካሚዎቹ መውጫ አጡ። ዘበኛው ጮኸ፤ የተነሳች የለችም።

የአገር ሽማግሌው ሼህ አብዱልሐሊም ተጠርተው መጡ።

«ልጄ፣ ሴት በስሟ እህል ከተቀበለች ቤት ይፈርሳል» አሏት።

«አይቆጡኝ አባባ፤ ቤቱማ ፈርሷል። ፍርስራሹ ውስጥ የቀረነው እኛ ነን። የእርስዎን ዘሀራንስ ባሏ ጥሏት ሄዶ የለ? ለእሷ ማን ይቀበልላት?»

ሼሁ ሴቶቹን አዩ። ልጃቸው ዘሀራ ከመሐላቸው ተቀምጣ ነበር። ወደ ሀብቴ ዞሩ።

«ስማቸውን ጻፍ። ነገ አላህ ፊት የምንጠየቀው እኛ ነን።»

«ማን ባል እንዳላት፣ ማን እንደሌላት በምን አውቃለሁ?» አለ ሀብቴ።

«እኛ እናውቃለን» አለች ማሚቴ። «ድስት የሚጣድበትንም የማይጣድበትንም ቤት።»

ሀብቴ አዲስ ገጽ ገለጠ። ሴቶቹ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን ታመው የተኙትን ጎረቤቶቻቸውንም ስም አስጻፉ።

ከቀትር በኋላ ጥሪው ተጀመረ።

«ሁሪያ እንድሪስ!»

ዕድሜዋን ሙሉ የእንድሪስ ልጅ፣ ኋላም የሰይድ ሚስት ስትባል ኖራለች። ስሟ በሰው ፊት እንዲህ ሲጠራ ሰምታ አታውቅምና ፈዛ ቀረች። ማሚቴ ገፋቻት፤ ሜዳው በእልልታ ተናጋ።

ስንዴውን አዝላ ልጆቿን አስከትላ ወደ ግራና ስታቀና ክብደቱ አልተሰማትም። በሚቀጥለው ወር እደላ ከመዝጋቢው ከሀብቴ ጎን አንዲት ሴት ትቀመጥ ሲባል፣ ሴቶቹ በአንድ አፍ የጠሩት እሷን ነው።