የሚነክሰው ሬዲዮ

ሬዲዮ ሠሪው ከድሮ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ በቀኙ የመፈተሻውን ጫፍ የሬዲዮው ሆድ ብረት ላይ አሳረፈ። መፈተሻው ቦግ አለ። ሁለት እጁን ሬዲዮ ውስጥ የሚከት ሠሪ አምቦ ላይ አርጅቶ አያውቅም፤ ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነው። ሶኬቱን ነቀለ። እንዲህ ያለ ባለ አምፖል አሮጌ ሬዲዮ ተነቅሎም ጉልበቱን አይለቅምና፣ ኤሌክትሪክ የሚያከማቸውን ኮንደንሰር በካቻቢቴ ነክቶ ጧ አስብሎ አራገፈው።

ጉዱን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ፊውዙ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል። መቃጠል የነበረበት ፊውዝ አልቃጠል ሲል የትራንስፎርመሩ ሽፋን አርሮ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ዞሯል። የመክፈቻው ፕላስቲክ ደግሞ ወልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። አዲስ ትራንስፎርመር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ሬዲዮው ግን የቀበሌው ነው፤ ለዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ይፈለጋል። ሱቁም የቀበሌው ነው፤ ሚስቱ ሰኪናና አራቱ ልጆቹ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ከድሮ ጭንቅ ያዘው።

ሬዲዮውን ልትወስድ የተላከችው የቀበሌው የጽዳት ሠራተኛ ድንቅቱ በባዶ እግሯ በሩ ላይ ቆማለች።

"ማነው የሚከፍተው?" አላት።

"እኔ ነኛ፣ ኦቦ ከድሮ። አዳራሹን አጥቤ ስጨርስ እከፍተዋለሁ።"

"ነክሶሽ ያውቃል?"

"ሁሌ ነው የሚነክሰኝ። አሁን አሁንማ በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ነው የማዞረው። ማል ጎና? ምን ይደረጋል፣ እንጀራ ነው" አለችና ሳቅ አለች።

የቀሚሷ ጫፍ ከእጥበቱ እንደራሰ ነበር። ከድሮ ሳቁ አልመጣለትም።

ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር ደግፌ ራሱ መጣ። "ሰው ተሰብስቧል። ይናገራል አይናገርም?"

"መናገሩንስ ይናገራል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ግን ወላሂ ሰው ይገድላል። አንድ የማያውቅ ሰው ፊውዙን በሲጋራ ወረቀት..."

"እኔ ነኝ የጠቀለልኩት" አለ ደግፌ። "ዓመት ሙሉ ሠርቷል። እኔን አንድ ቀን ነክሶኝ አያውቅም።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከድሮ ምላሱን ቢቆርጣት በወደደ። ዓይኑ የሊቀመንበሩ ወፍራም ባለ ጎማ ጫማ ላይ አረፈ፤ ከዚያም የድንቅቱ እግር ላይ።

"እርስዎ ጫማ አለዎት" አለ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ? አንቺ፣ ተሸከሚው!"

ድንቅቱ ጎንበስ አለች። ከድሮ ፒንሳውን አነሳና የሬዲዮውን ገመድ ከሥሩ ቆረጠው።

ደግፌ የተቆረጠውን ገመድ አነሳ። "ይሄ ሱቅ የማን እንደሆነ ረሳኸው?"

"አልረሳሁም።"

ከድሮ የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ከሬዲዮው አጠገብ አስቀመጠው።