የአምሃ ባዶ እጅ

ለቅሶ ላይ የሚያለቅስን ሰው ማንም አያርመውም። ዶክተር አምሃ በገዛ ቤቱ በር ላይ የተገደለ ሰሞን፣ ሐበሾች ከሚነግዱበት ከጀፕ ሰፈር የመጣ አንድ ነጋዴ «ወንድሜን፣ ባዶ እጁን አገኙት» እያለ ሲያነባ፣ የሟች ሚስት ዮአዳን ፍራሹ ላይ አቀርቅራ ዝም አለች። በማግስቱ ሌሎች ተቀባበሉት። ለቀስተኛው ሲበተን አምሃ ባዶ እጁን የሞተ ሰው ሆኖ ቀረ። እሷም ዩኒቨርሲቲ ማስተማሯን ቀጠለች፤ ከሥራ ስትመለስ በሩን ራሷ መክፈት፣ ራሷ መቆለፍ ለመደች።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ዱካሞ መጣ። አሌክሳንድራ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ዳቦ፣ ላምባና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ እያሾለከ ይሸጣል። ታናሽ ወንድሙ ማናሴ በጥይት ተመቶ የሞተው እዚያው ፍርግርግ ሥር ነው። ዱካሞ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመጣበትን ነገራት። የጦር መሣሪያ ሕጉን የሚያጠብቅ ረቂቅ ወጥቷል፤ ሰኞ የምክር ቤት ሰዎች አዳራሽ ተቀምጠው የሕዝቡን አስተያየት ይሰማሉ። የቤተ ክርስቲያናቸው ባለሱቆች እሱን ወክለውታል። የጥገኝነት ወረቀት የያዘ ሰውም ራሱን የሚከላከልበት ሽጉጥ በፈቃድ ይሰጠው ብሎ ሊናገር ነው። ያስቸገረው እንግሊዝኛው ነው።

«በዙሉ ቢሆን ደንበኞቼን አስቃቸዋለሁ» አለ። «በእንግሊዝኛ ግን እኔው ላይ ነው የሚስቁት። እርስዎ ያስተርጉሙልኝ፣ እህት ዮአዳን። መጀመሪያ የማነሣው የዶክተርን ስም ነው። የተማረ ሰው፣ ሕጋዊ ሰው፣ ባዶ እጁን። እሱን ሰምተው እንዴት እንቢ ይላሉ?»

ዮአዳን ውሃ ላምጣልህ ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ለቅሶ ላይ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ በገዛ አፏ አዳራሽ ውስጥ መናገር ግን ሌላ። እውነቱን ብታወጣ ደግሞ ለእናቱ እንኳ ያልነገረችው የአምሃ የመጨረሻ ደቂቃ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ብርጭቆው ሞልቶ እጇ ላይ ሲፈስ ነው ቧንቧውን የዘጋችው።

ተመልሳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሽጉጥ ነበረው» አለችው። «ፈቃድ ያለው። መኪናው ውስጥ፣ ወንበሩ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው።»

ዱካሞ ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ።

«አጠገቡ ነበርኩ። ዘራፊዎቹ በሩ ላይ የመኪናውን ቁልፍ ተቀብለው ውረዱ አሉን። ልንወርድ ስንል እጁን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደ። ባይሰድ ኖሮ የሚሄደው መኪናው ብቻ ነበር። ሽጉጡንም ይዘውት ሄዱ።»

ዱካሞ ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ።

«ማናሴ ምንም አልነበረውም» አለ። «እሱንም ገደሉት። እንግዲህ እኔ ሲመጡብኝ ምን ልያዝ?»

«አላውቅም» አለችው። «ግን በአምሃ ስም አላስተረጉምልህም። በማናሴ ስም ከተናገርክ እመጣለሁ።»

ሰኞ ዱካሞ ስለ ማናሴ ተናገረ። ዮአዳን ጎኑ ቆማ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። የእሱ ድምፅ ሲቆራረጥ የእሷ አልተቆራረጠም። ከፊት ወንበር አንዲት ሴት በጥይት የሞተች ልጇን ፎቶ ታቅፋ፣ ሽጉጥ የሚባል ነገር ከአገር ይጥፋ ልትል ተራዋን ትጠብቃለች። ዮአዳን ወደዚያ ላለማየት ዓይኗን ማይክሮፎኑ ላይ ተከለች። ዱካሞ ሲጨርስ ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞረው፣ እርስዎስ የሚጨምሩት አለ ወይ ብለው በትሕትና ጠየቋት።

ዮአዳን ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ» አለች።

ሲመሽ ዱካሞ ለስላሳ በጫነ ፒካፕ መኪናው ቤቷ አደረሳት። የነገረችው ከአፉ እንደማይወጣ፣ ለሚስቱም እንደማይነግራት አረጋገጠላት። ዮአዳን አመሰገነችው። የሚያውቅላት አንድ ሰው አገኘች፤ እሱም ዳግመኛ እንደማያነሣው ቃል ገባ።

«ይቆልፉ፣ እህት ዮአዳን» አላት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።

ገብታ ቆለፈች። የቁልፉን ድምፅ ሳይሰማ አልሄደም።