ሳይፈርስ የተቆረጠው አፈር

አፈሩን ከጅጅጋ ወጣ ብሎ ካለ ጫካ፣ ከአንድ ግራር ሥር ሳይፈርስ ቆርጬ በቆርቆሮ ሣጥን ካስገባሁት ሁለት ሳምንት ሆነው። ቢሮዬ ውስጥ በጥላ አደረቅኩት። አዲስ አበባ ሲደርስ በሙጫ ይጠነክርና ከፀጉር ቀጥኖ ብርሃን እስኪያሳልፍ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የሥሩ መንገድ፣ የምስጡ ቤት፣ ሁሉም እንደነበረ። ከፈረሰ ግን ምንም አያሳይም።

ጭኔ ላይ ታቅፌው፣ ሾፌራችንን ሻርማርኬን በየጉድጓዱ "ቀስ በል!" እያልኩ ኬላ ደረስን። ፈታሹ ወረቀቴን እስካወጣ እንኳ አልጠበቀኝም። ኮንትሮባንድ መፈለጊያ ብረቱን አፈሩ ውስጥ ሰክቶ አማሰለው።

"አፈር ብቻ ነው እንዴ?" አለና ደነገጠ። በፈሰሰው ምትክ ከአስፋልቱ ዳር ዘግኖ እስከ አፉ ሞላልኝ። "እንቺ እህቴ፣ ምንም አልጎደለብሽም።"

"እጅህን ይቁረጠው!" አልኩት።

"ተይው፣ ተመልሰን ሌላ እንቆርጣለን" አለኝ ሻርማርኬ።

ከኋላችን ከሰል የጫነ መኪና ቆሟል። ጆንያው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሲያየኝ በደስታ እጁን አውለበለበልኝ። አወቅኩት። ያን ቀን አፈሬን ቆርጬ እስክጨርስ መጥረቢያውን ይዞ የጠበቀኝ እሱ ነው፤ ጫካው ውስጥ የቀረው ያ አንድ ግራር ብቻ ነበር።