የምሰሶው የመጨረሻ ቃል

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ምራትየዋ የአማቷን የልብ መድኃኒት ከጠርሙሱ አውጥታ በመዳፏ ጨበጠች። ከምላስ ሥር የምትቀመጥ፣ ከምስር የማትበልጥ ነጭ ክኒን ናት። ላብ እንዳያሟሟት ፈርታ ወደ ግራ እጇ አዛወረቻት፤ ግራ እጇም አልቦት ነበር።

«ምን ያንቆራጥጥሻል? ቁጭ በይ እንጂ፣ ሊጀምር ነው» አሉ አማቷ።

አሮጊቷ ሶፋው ጥግ ላይ ቀኝ ጆሯቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት ስላለፈው ቴሌቪዥን ይሰማሉ እንጂ አያዩም። የሚሰሙትም አንድ ተከታታይ ድራማ ብቻ ነው። «ምሰሶው» ይባላል፤ የሚፈርስ ሕንፃ በትከሻው ደግፎ ሰው የሚያስወጣ ጀግና ታሪክ ነው። ከውጭ በተገዛው በዚህ ድራማ ለጀግናው የትርጉም ድምፅ የሰጠው የእሳቸው ልጅ፣ የእሷ ባል ነው።

ልጃቸው ከሞተ አራት ወር ሆኖታል። እናቱ አያውቁም።

የሞተው እናቱ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነበር። ሐኪሙ «አሁን መርዶ ከሰሙ ልባቸው አይችለውም፤ ጥቂት ይጠንክሩ» አለ። ስለዚህ የሟቹ ታናሽ እህት፣ ፋርማሲስቷ፣ እንደ ሥራዋ ውሸት ቀመመች። ወንድሟ ባሕር ላይ ለሚቀረጽ ፊልም ድምፅ ሊሰጥ በመርከብ ሄዷል፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አይሠራም አለች። «ዓሣ ሲሸተው የሚያስመልሰው ልጅ ባሕር ላይ ምን ቀረው?» ብለው እናቱ ሲስቁ፣ ሁለቱ ሴቶች አብረው ሳቁ። ጥቂት የተባለው ጊዜ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ወለደ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህኛው ግን እያደር ከበደ።

ውሸቱን ያቆየው የሥራው ጠባይ ነው። በድምፅ ትርጉም ሥራ ተዋናዮቹ አብረው አይቀረጹም። አንዱ ብቻውን ገብቶ የራሱን ንግግር ብቻ፣ የብዙ ክፍል አከታትሎ ተናግሮ ይወጣል። የሁሉንም አምጥታ የምትገጣጥመው የድምፅ ኤዲተሯ ናት። ኤዲተሯ ደግሞ ምራትየዋ ነበረች። ባሏ የዓመቱን ንግግር ቀድሞ ስለጨረሰ፣ ከተቀበረ በኋላም በየቅዳሜው እየመጣ ይናገራል። እናቱም «ድምፁ ደህና ነው፤ አልከሳም» ይላሉ።

ሳይቀረጽ የቀረው የዛሬው ክፍል ብቻ ነው። ምሰሶው «ጭጋግ» ወደምትባል ሌላ ጀግና ድራማ ተሻግሮ፣ ሁለቱ በአንድ ዋሻ ውስጥ ይገናኛሉ። ጽሑፉ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ምራትየዋ ገጹን ገልጣ እስከ መጨረሻው አነበበች። ምሰሶው ዋሻው ተንዶበት ይሞታል።

«ሌላ ሰው ይናገርለት» አለ የስቱዲዮው አለቃ። «ሠላሳ አንድ ቃል ናት። ማን ያውቅበታል?»

ማን እንደሚያውቅበት እሷ ታውቃለች። የሌላ ሰው ድምፅ ከሆነ አማቷ ገና በመጀመሪያው ቃል «ልጄ የት ሄደ?» ይላሉ። «ለእኔ ተወው» አለችው። ከድሮ ቅጂዎች ሠላሳ አንዱን ቃላት አንድ በአንድ ለቀመች። ትንፋሹን ከአንዱ፣ ሳጉን ከሌላው አምጥታ፣ በሦስት ሳምንት ሰፍታ ጨረሰች። ጭጋግን የምትናገረው ተዋናይት ይህን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ስትቀረጽ የምር አለቀሰች። አለቃው «ይሄ አይቆረጥ» አለ።

ረፋድ ላይ ፋርማሲስቷ ደውላ ነበር።

«ግማሽ የእንቅልፍ ክኒን በሻይ ስጪያት። ስትነቃ አልቆ ይጠብቃታል።»

«እናትሽን ላደንዛቸው?»

«ምን አለበት? የተማርኩት ይህንኑ አይደል!»

«ጎረቤቱ መርዶውን በአደራ ቢይዝም ድራማውን ሁሉም ያየዋል። ማታ ቤት ድረስ መጥተው ይተርኩላቸዋል። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ቢሰሙ ይሻላል።»

«ልቧ ቀጥ ቢልስ?»

ምራትየዋ ስልኩን ዘግታ ጠርሙሱን ፍለጋ ሄደች።

አሁን ሙዚቃው ጀመረ። ጀግናው ገና «ማነሽ?» ከማለቱ አሮጊቷ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ።

«መጣ ጎርናናዬ!» አሉ። ልጃቸውን በልጅነቱ ድምፁ ከጎረነነ ጀምሮ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። «ይቺ ጭጋግ የሚሏት ደግሞ ድምጿ እንዴት ያምራል! እንዳትወስድብሽ።»

«ትውሰደው። ባሕር ድረስ ከዘለቀች ይገባታል» አለች ምራትየዋ። እንዲህ ሳትደናቀፍ መመለሷ ራሷን አስፈራት።

ዋሻው መሰንጠቅ ሲጀምር እጃቸውን የያዘች መስላ ሁለት ጣቶቿን ከአንጓቸው ላይ አሳረፈች። የደም ሥራቸው ይመታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«እጅሽ ምነው በረዶ ሆነ?»

«መስኮቱ ተከፍቶ ነው፣ እማማ።»

መስኮቱ ዝግ ነበር። ድንጋዩ ተናደ። የጭጋግ ጩኸት መጣ፤ ከዚያ የእሱ ድምፅ።

«ሂጂ። እኔ ይዤዋለሁ። አይዞሽ... አይከብደኝም።»

ከምራትየዋ ጣት ሥር ያለው ምት ሮጠ፣ ተደናቀፈ፣ እንደገና ሮጠ። ተዋናይቷ ስታለቅስ አሮጊቷም አብረው ተነፋረቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሳቅ አሉ።

«ጉድ እኮ ነው! ልጄን ገደሉብኝ!»

ምራትየዋ ከሶፋው ልትንሸራተት ምንም አልቀራት። ግን ቀልድ ነበር። አለፈ። ምቱ ቀስ በቀስ ሲረጋ ተሰማት፤ መዳፏን ፈታ አድርጋ ክኒኗን አየች፤ ጠርዟ ሟሙቶ ነበር። እግዜር ይመስገን ልትል አፏን ስትከፍት አማቷ ሳቃቸውን በመሃል አቆሙ።

«ቆይ እስቲ። ‹አይዞሽ› ሲል ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አፍንጫው ተዘግቶ ነበር።»

«እያለቀሰ እኮ ነው፣ እማማ።»

«ልቅሶውን አላውቅምና ነው? ጉንፋን ነው። አምና እዚሁ ሶፋ ላይ ሲያስነጥስ በከረመ ጊዜ የነበረው ድምፅ ነው፤ በእንፋሎት ያጠንኩት እኔ ነኝ። ‹ሂጂ› ሲል ጤነኛ ነው። ‹አይዞሽ› ሲል ታመመ። ‹አይከብደኝም› ሲል ዳነ።» ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ሰው በአንድ ትንፋሽ ታሞ ይድናል?»

ያንን ቃል መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ከአርባ «አይዞሽ» መካከል የመረጠችው እንባ ያነቀው ስለመሰላት ነበር። ለሙያዋ የሚመሰክርላትን ቃል ስትፈልግ የባሏን ጉንፋን ለልቅሶ ወሰደችው።

«የምትገጣጥሚው አንቺ ነሽ» አሉ አማቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለምን ከአሮጌው ቀጠልሽ? ራሱ አይናገርም?»

ቅጂው ተበላሽቶ ነው፣ መርከቡ ዘግይቶ ነው፤ ሁለቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ትዝ አላት። ከጣቷ ሥር ምቱ እየፈጠነ ነው፤ ብትዋሽም ብትናገርም እየፈጠነ ነው።

«ጠየቅኩሽ እኮ። ልጄ አይናገርም?»

«አይናገርም፣ እማማ።»

አንድ ምት ዘለለ። ቆጠረችው። ክኒኗን ወደ ከንፈራቸው ስታስጠጋ አሮጊቷ አፋቸውን ገጥመው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቆይተው ግን ከፈቱላት።

«መቼ?» አሉ፣ ክኒኗ ከምላሳቸው ሥር እንዳለች።

«እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ። ድንገት ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ።»

«አሥራ ሰባት ቅዳሜ» አሉ፤ መቼ እንደቆጠሩት እንጃ። «ስስቅ ዝም ብላችሁ ታዩኝ ነበር?»

«አብረን እንስቅ ነበር።»

ቴሌቪዥኑ ስለ ሳሙና ያወራል። ምራትየዋ የአማቷ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ታያለች፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ዳግም ከፍ እስኪል የእሷ ይቆማል።

«አጠገቡ ማን ነበር?»

«እኔ። እሱ ቀረጻ ክፍሉ ውስጥ፣ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ።»

«ምን አለ?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአንድ ጀግና የመጨረሻ ቃል ስትሰፋ የከረመች ሴት ናት። ለእናት የሚሆን ሁለት ሦስት ቃል ማበጀት አያቅታትም ነበር። «እማማን አደራ» አለ ብትል ማን ይመሰክርባታል?

«ምንም አላለም» አለች። «ውሃ ሊጠጣ ብርጭቆውን አነሣ፤ ወደቀ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። የብርጭቆው ድምፅ ብቻ ነው ያለው።»

«አልጮኸም?»

«አልጮኸም።»

«አላመመውም ማለት ነው?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

የአሮጊቷ ፊት እንደ ወረቀት ነጥቶ በከንፈራቸው ዙሪያ ላብ ችፍ ብሏል። ምራትየዋ ጣቷን ከአንጓቸው ጠበቅ አደረገች፤ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። አማቷ ግን ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ።

«ልቤን መቁጠሩን ተዪና ያዥኝ።»

አቀፈቻቸው። እናቲቱ ፊታቸውን ከትከሻዋ ደፍተው ድምፅ የሌለው ልቅሶ ጀመሩ። ደረት ለደረት ተጣብቀው የሚመታው የማን እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ፋርማሲስቷ ናት። ጮኾ ጮኾ ተወ። እንደገና ጀመረ። ምራትየዋ እጇን አልዘረጋችም።